ሽማግሌዎቹ ያላዩት የጉርድ አልበም

«አንቀመጥም አልኩህ እኮ! ጉዳያችን ሳይሰማ ወንበር አንነካም።»

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ነገሩ ሌላ ነው። ለአምስት ደቂቃ ብቻ ይቀመጡልኝ።»

«ሌላ ከሆነ እኛን ለምን አመጣኸን? ቁጭ ብሎ ለመጫወትማ ሲልቨር ስፕሪንግም ወንበር ሞልቷል።»

«ደግሞ አንተን ምን አገባህ?» አሉ ከአንጋፋው ሽማግሌ ጎን የቆሙት ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ባለታክሲው፣ ሳቃቸውን አፍነው። «ሙሽራ አፉን ይዘጋል። እዚህ መገኘትህ ራሱ ነውር ነው።»

እውነታቸውን ነው። በወጉ ቢሆን ሽማግሌ ሲላክ ልጁ ቤቱ ሆኖ ይጨነቃል እንጂ አብሮ አይሄድም። እኔ የሄድኩት በአስተርጓሚነት ነበር። አንጋፋው ሽማግሌ የአባቴ የድሮ ጓደኛ ናቸው፤ ከአብዮቱ በኋላ አገር ጥለው የወጡ፣ እንግሊዝኛን ከእኔ አሳምረው የሚናገሩ ሰው። ነገር ግን «ሽምግልና በእንግሊዝኛ አይሆንም» ብለው በአማርኛ ብቻ ሊናገሩ ወስነዋል። እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። የምወዳት ልጅ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ወደ ክሪዮል፣ ወደ ሄይቲያዊው አያቷ ቋንቋ ትመልሳለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ የአንድ አፓርታማ ስድስተኛ ፎቅ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው ሳሎኑ መሃል ተደርድረዋል። ሦስተኛው የእናቴ ቸርች ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው የሚጸልዩ ይመስላሉ። ከፊታቸው ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ በጆግ የቀረበ ጭማቂ፣ ስድስት ብርጭቆ፣ የተቆራረጠ ኬክ፣ ደግሞም አንድ ወፍራም ጥቁር አልበም። ከጠረጴዛው ማዶ አያቷ ቆመዋል። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ የነጭ ሸሚዛቸው ቁልፍ እስከ አንገታቸው ተቆልፏል። አንድ እጃቸው አልበሙ ላይ ነው። እንግዳ ቆሞ እሳቸው ሊቀመጡ አይችሉም፤ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ግን ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር።

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«አንድ ደቂቃ» አልኳት።

ያቺን አንድ ደቂቃ ከሳምንት በፊት ልጠቀምባት ይገባኝ ነበር።

*

ከልጅቱ ጋር የተዋወቅነው በገንዘብ ምክንያት ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የፎቶኮፒ ሱቅ እሠራለሁ። ትምህርቴ ከሃይስኩል አላለፈም፤ የማውቀውን ያወቅኩት ከላይብረሪ በተዋስኳቸው መጻሕፍትና ሰው ኮፒ ሊያስደርግ ካመጣቸው ወረቀቶች ነው። የኪራይ ውል፣ የፍቺ ወረቀት፣ የኢሚግሬሽን ፎርም፣ የሟች ፎቶ ያለበት የጸሎት ፕሮግራም። ማሽኑ ባበላሸው ወረቀት ጀርባ ላይ ግጥም እጽፋለሁ።

የሱቁ ባለቤት ከማሽኑ በላይ «የየትኛውም አገር ገንዘብ ኮፒ አይደረግም» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። አንድ ቀን ወደ ምሳ ሰዓት ገደማ የጥርስ ክሊኒክ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ መጥታ በፕላስቲክ የተሸፈነ የገንዘብ ኖት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ትልቅ አድርግልኝ። የምትችለውን ያህል ትልቅ።»

ማስታወቂያውን በጣቴ አሳየኋት።

«ላጭበረብርበት መስሎህ ነው? ይሄ እኮ ማስቲካ እንኳ አይገዛም» አለች። ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «አያቴ ዓይናቸው እየደከመ ነው። ትናንት ፊቷን ማየት አቃተኝ ብለው አለቀሱ።»

ፊቷን ያሉት ኖቱ ላይ ያለችውን ሴት ነው። አሥር ጉርድ፤ የሄይቲ ገንዘብ። ሴትየዋ ጨርቅ ዘርግታ ትሰፋለች። የምትሰፋው የአገሪቱን የመጀመሪያ ባንዲራ ነው። እንደሚተረከው፣ ከባርነት የተነሣው ሠራዊት መሪ የፈረንሳይን ባንዲራ ይዞ ነጩን ከመሃሉ ቦጨቀው፤ የቀሩትን ሰማያዊና ቀይ ቁራጮች እሷ ገጥማ ሰፋቻቸው።

ባለቤቱ ለምሳ እንደወጣ ጥቁርና ነጭ አድርጌ፣ የፊቱን ገጽ ብቻ፣ ሱቁ ባለው ትልቁ ወረቀት ላይ አወጣሁላት። እስከዚያ ቀን ገንዘብ ቆጥሬ እንጂ አይቼ አላውቅም ነበር። ሲተልቅ የሴትየዋ ጉንጭ ጉንጭ መሆኑ ቀረ። ጎን ለጎን የተሰመሩ፣ ጥላው ጋ የሚወፍሩ፣ ብርሃኑ ጋ የሚሳሱ መስመሮች ብቻ ሆነ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ብረት ላይ አጎንብሶ በመስመር ቀርጾታል ብዬ አሰብኩ፤ ስሙ የትም አልተጻፈም።

«ምን ታያለህ?» አለችኝ።

«መስመር።»

«ሌላው ሰው ሁሉ ፊት ነው የሚያየው። ለአያቴ እነግራቸዋለሁ፤ ይወዱሃል።»

ወደዱኝ።

*

አያቷ በሄይቲ ዋና ከተማ፣ በፖርት ኦ ፕሬንስ፣ ባንክ ይሠሩ ነበር፤ ያረጀ ኖት የሚለይበት ክፍል ውስጥ። ገበያ የዋለ፣ ላብ የጠጣ፣ በፕላስተር የተጣበቀ ገንዘብ በጆንያ ይመጣላቸዋል። ወደ ገበያ የሚመለሰውን በአንድ በኩል፣ የሚቃጠለውን በሌላ በኩል ያደርጋሉ። አንዳንዱ ኖት ላይ ስልክ ቁጥር ይጻፋል፤ አንዳንዱ ላይ ጸሎት፤ አንዱ ላይ «ይቅር በይኝ» የሚል ብቻ አግኝተው ሳያቃጥሉት አንድ ሳምንት መሳቢያቸው ውስጥ አቆይተውታል። አዲስ ኅትመት በወጣ ቁጥር ከደመወዛቸው አንድ ንጹሕ ኖት እየቀነሱ ያስቀምጡ ነበር። አልበሙ ይኸው ነው። አገር ጥለው ሲወጡ ከልብስ በፊት ሻንጣ ውስጥ የገባው እሱ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቀዩን ባቡር ይዤ፣ መሃል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው ቀይሬ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። እሷ መሃላችን ተቀምጣ ታስተረጉመናለች። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው «ገንዘብ በዓይን አይነበብም፤ አውራ ጣትህን ስጠኝ» ይሉኛል። ጣቴን ይዘው ኖቱ ላይ ቀስ አድርገው ይጎትቱታል። ጥሩ ኅትመት ከሆነ ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ እንደ አሸዋ ይሻክራል። እሳቸው በጨለማ አምስቱን ከአሥሩ ይለያሉ።

ጉርድ ማለት ቅል መሆኑን የነገሩኝ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። ከነጻነት በኋላ በሰሜን በኩል የገዛው ሰው ካዝናው ባዶ ነበርና ወታደር ልኮ ከየጓሮው ቅል አሰበሰበ፤ ገበሬው ደግሞ ያለ ቅል ውሃ የሚቀዳበት ስለሌለው ቡናውን አምጥቶ በቅል ለወጠ፤ ቡናው ለውጭ ነጋዴ በወርቅ ተሸጠ ይባላል። «ይባላል ነው እንግዲህ፤ እኔ አልነበርኩም» ብለው ሳቁ። ስፕሪንግፊልድ እናቴ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ለጌጥ የተሰቀለ ቅል አለ። ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሳየው አገር መሠረተ የሚባል ነገር ሆነብኝ።

የመጀመሪያዎቹ የወረቀት ኖቶች አልበሙ ውስጥ የሉም። እሳቸው እንደነገሩኝ ተራ ወረቀት ላይ የታተሙ ነበሩ፤ ማንም ሊያስመስላቸው ይችል ስለነበር ብዙ ሳይቆዩ ዋጋቸው ወደቀ። ኋላ ላይ ውጭ አገር ይታተም ጀመር፤ ያማረው መስመር የመጣው ያኔ ነው። ጽሑፉ ግን ለረጅም ዘመን ፈረንሳይኛ ብቻ ነበር። ገበያ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚናገረው ክሪዮል በኖቱ ጀርባ የገባው በእሳቸው ዕድሜ ነው። «ለእናቴ ላነብላት እፈልግ ነበር» አሉ፤ «ቀድማ ሞተች።»

ከአልበሙ መሃል ቶሎ ብለው የሚያልፏቸው ገጾች ነበሩ። አባትና ልጅ ተከታትለው «የዕድሜ ልክ ፕሬዚዳንት» የተባሉበት ዘመን ነው፤ ኖቶቹ ላይም የእነሱ ፊት አለ። በዚያው ዘመን ወረቀቱ ቀርቶ እንደ ፕላስቲክ ያለ፣ የማይቀደድ ነገር ላይ ማተም ተሞክሮ ነበር። አገሩ ሞቃት ነው፤ ቀለሙ አልያዘለትም፤ ይለቅ ነበር።

«ቀኑን ሙሉ ስንለይ ውለን ወደ ቤት ስንሄድ ፕሬዚዳንቱ ጣታችን ላይ ነበሩ» አሉኝ። «በሳሙና አይለቁም። ሚስቴ በዚህ እጅህ ልጆቹን እንዳትነካ ትለኝ ነበር።»

ልጅየው ፕሬዚዳንት ከአገር ከሸሸ በኋላ ፊቶቹ ተለወጡ። የነጻነት ዘመን ሰዎች መጡ፤ ተራራ አናት ላይ የተሠራው ምሽግ መጣ፤ ባንዲራ ሰፊዋም መጣች። እሷ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ይዘገያል።

ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ነገሩኝ። ድሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በአምስት ጉርድ ይመነዘር ነበር። ያ ከቀረ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ሰው ግን ዛሬም አምስት ጉርድን «ዶላር» ይለዋል፤ ዋጋም የሚጠራው በዚያ ነው። ማንም ያላተመው፣ ማንም ኪሱ ከትቶት የማያውቅ ገንዘብ። ያን ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ ባቡር ውስጥ ሦስት ግጥም ጻፍኩ። ሦስቱንም ኋላ ቀደድኳቸው።

አንድ ቅዳሜ አሮጌ አሥር ብር ወሰድኩላቸው። መጽሐፍ ውስጥ ተረስታ የኖረች፣ አገር ቤት ገንዘቡ ሲቀየር ዋጋዋን ያጣች ኖት ናት። ስፌት የምትሰፋ ሴት አለችባት። አያቷ በአውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ አለፉባት። ምንም አልተናገሩም። አልበሙን ገልጠው፣ ከባንዲራ ሰፊዋ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ኪስ አስገቧት።

«አሁን ብቻዋን አይደለችም» አሉ።

ልጅቱን ላገባት የወሰንኩት ያን ቀን ነው። ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት ስጠቅስ ኖሬአለሁ፤ እውነተኛው ይህ ነው።

*

እናቴ ስትሰማ አላስቸገረችኝም። «ጌታን ካወቀች ከየትም ትምጣ» አለች። «ሽማግሌ ሳይላክ ግን ልጄ አያገባም። ሜዳ ላይ አልወለድኩህም።»

ለአያቷ ስንነግራቸው ፈገግ አሉ። «በእኛ አገር ልጁ ደብዳቤ ይጽፋል» አሉ። «ጥሩ ወረቀት ላይ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ በሪባን ታስሮ ይመጣል። አንተማ ገጣሚ ነህ፣ አሳምረህ በጻፍከው። ግን ሰዎችህ ራሳቸው በእግራቸው ከመጡ ደብዳቤ ምን ያደርግልኛል?»

ከዚያ ለመምጫው ቀን ይዘጋጁ ጀመር። በየቀኑ ኮል ስታደርግልኝ ትነግረኛለች፤ እየሳቀች፣ ግን በኩራት። አልበሙን እንደገና አደራጅተዋል፤ በመክፈቻው ገጽ ካለው የቅል ሥዕል ጀምሮ እስከ ሁለቱ ሴቶች ድረስ። ለሰዎችህ ቤተሰቤ ማን እንደሆነ የማሳየው በዚህ ነው ብለዋል፤ መሬት የለኝም፣ ፎቶውም በእሳት ጠፍቷል፣ ያለኝ ይህ ነው ብለዋል። ደግሞ ያለ አስተርጓሚ ራሳቸው ሊናገሩት ፈልገው በትልልቁ በተጻፈ ካርድ እንግሊዝኛ ይለማመዳሉ።

«ስንት ካርድ እንዳላቸው ታውቃለህ?» አለችኝ። «ለሽማግሌዎችህ ንገራቸው እሺ? ቸኩለው እንዳይነሱ።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

አልነገርኳቸውም። ሽማግሌዎቹ መልስ ሳያገኙ እንደማይቀመጡ፣ ውሃ እንኳ እንደማይቀምሱ ደግሞ ለእሷ አልነገርኳትም። ሁለቱንም አውቅ ነበር።

*

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ እንደገና።

«መጀመሪያ ጥያቄያቸውን ማቅረብ ይፈልጋሉ።»

አንጋፋው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእጃቸውን መዳፎች ደራርበው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ተናገሩ፤ እንደዚያ ያለ አማርኛ ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቼ አላውቅም። ልጃችሁን ለልጃችን፣ ቤታችሁን ለቤታችን፣ ብለው ጀመሩ። በእኔ እንግሊዝኛ ግማሹ ወደቀ፤ በእሷ በኩል ሲሻገር ደግሞ ምን እንደተረፈ አላውቅም። አያቷ እስከ መጨረሻው በትኩረት አዳመጡ። ከዚያ በእጃቸው ሶፋውን አሳዩ።

«መጀመሪያ ይቀመጡ፤ ከመንገድ ነው የመጡት፤ ይጠጡ ይላሉ» አለች።

«ቃላቸውን ሳንሰማ ውሃም አይወርድልን በላቸው» አሉ አንጋፋው።

እኔ «እናመሰግናለን፣ አልጠማንም» ብዬ ተረጎምኩት።

አያቷ ጆጉን ወደ እንግዶቹ ጠጋ አደረጉ። ብርጭቆዎቹን፣ ደረቅ ብለው የቆሙትን ሦስት ሰዎች፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ከሸሚዛቸው ኪስ አንድ ካርድ አወጡ። አልበሙን ወደ ሽማግሌዎቹ አዙረው ከፈቱትና በእንግሊዝኛ፣ አንዷን ቃል ከሌላዋ እየለዩ፣ አነበቡ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ይህ አገሬ ነው።»

ባለታክሲው አንገታቸውን አሰገጉ። «ኧረ ብር ነው!» አሉ በአማርኛ። «ሰውየው ሀብት ሊያሳዩን ነው እንዴ?»

አንጋፋው ወደ አልበሙ አላዩም። ፊታቸው በአክብሮት ጠነከረ። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ በሁለት ጣታቸው፣ በቀስታ፣ ሽፋኑን መልሰው ዘጉት።

«ንገራቸው» አሉኝ። «እኛ የመጣነው ለሰው ነው። ገንዘብ ለማየት አልመጣንም።»

ይህን አልተረጎምኩትም። መተርጎምም አላስፈለገው። አያቷ ሁለተኛውን ካርድ ይዘው ቀሩ። ካርዱን ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ ኪሱን ሳቱት፤ ደግመው ሞከሩ። በክሪዮል አንድ አጭር ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አልኳት።

አላየችኝም። «ደህና ዋሉ በላቸው» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሦስቱም እጅ ነሥተው ወጡ።

*

መኪና ውስጥ ደስታው ሌላ ነበር። ባለታክሲው ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ ወጥተው ድልድዩን እስክንሻገር ያፏጩ ነበር።

«አየህ? ጨዋ ሰው ናቸው» አሉ አንጋፋው ከፊት ወንበር። «በመጀመሪያው ቀን እሺ ቢሉ እጠረጥር ነበር። አንዴ መመለስ ወግ ነው። ሁለተኛ እንሄዳለን።»

«ሴት ልጅ እንደ ፒዛ በግማሽ ሰዓት ዴሊቨር አትደረግም» አሉ ባለታክሲው። «ያ ገንዘብ ግን ምንድነው? ጥሎሹን እነሱ ሊጥሉልን መስሎኝ ነበር።»

«ጉርድ ነው» አልኩ።

«ጉርድ ፎቶ?»

የቸርቹ ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። አወራሁ። ከኋላ ወንበር ሆኜ ስለ ቅሉ፣ ስለ ጆንያው፣ ስለ ባንዲራ ሰፊዋ፣ ጣት ላይ ስለቀረው ፕሬዚዳንት፣ ስለ ካርዶቹ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ማንም አላቋረጠኝም። 

አንጋፋው ዞረው አዩኝ።

«የንጉሡ ምስል ያለበት ብር ሲቀየር እኔ ባንክ በር ላይ ተሰልፌአለሁ» አሉ። «አንዷን ደብቄ አስቀርቻለሁ። ዛሬም ከፓስፖርቴ ጋር ናት። ሚስቴ እንኳ አታውቅም።» ወንበሩን ይዘው ይበልጥ ወደ እኔ ዞሩ። «መቀመጥ ነው የተከለከለው፤ ማየት ማን ከለከለ? ብትነግረኝ እዚያው ቆሜ እስከ መጨረሻው ገጽ አየው ነበር። ለምን አልነገርከኝም?»

ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። 

«መኪናውን አዙረው» አሉ ባለታክሲውን።

እኔ ስልኬን አወጣሁ። ደወልኩ፤ አታነሳም። ሁለተኛ ስደውል መልእክት ገባ። «እባክህ ዛሬ ማንንም እንዳታመጣ።»

*

ለአሥር ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ። ከሱቁ መደርደሪያ ጥጥ ያለበትን ውድ ወረቀት በራሴ ገዛሁ። የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ እንድታነብላቸው። ስለ ወጋችን አስረዳሁ፤ አለመቀመጥ ንቀት ሳይሆን ለጥያቄው ክብደት መስጠት መሆኑን። ስለ መስመሮቹ ጻፍኩ። ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው አንዷ መርፌ ለሌላዋ የምታቀብል አድርጌ ጻፍኩ። እጄ ከዚያ በፊት እንደዚያ አሳምሮ ጽፎ አያውቅም። ሰማያዊ ሪባን አስሬ በፖስታ ላክሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እሷ መጣች። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቤዝመንት ተከራይቼ ነው። በሩ የእንጨት ነው፤ እርጥበት አሳብጦት በደንብ ካልጎተቱት አይዘጋም። ስትገባ ከኋላዋ ገርበብ እንዳለ ተወችው።

«ቁጭ በይ» አልኳት።

«እንዲህ ይሻለኛል።» ኮቷን አላወለቀችም።

«ደብዳቤው ደረሰ?»

«ደርሷል። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ቆንጆ ነው አሉ። እኔም ቆንጆ ነው አልኩ።» ወደ መስኮቱ አየች፤ መስኮቴ የሚያሳየው የሰው እግርና የመኪና ጎማ ብቻ ነው። «እንደማይቀመጡ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመዱ እንደሰነበቱስ?»

«አንቺ ነሽ እኮ የነገርሽኝ።»

«ታዲያ?»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ የሚግባቡ መስሎኝ ነበር፤ ሳይነገራቸው ቢተያዩ ይሻላል ብዬ ነበር። አንዱን ጀምሬ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

«ስለ አልበሙ ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ስልክ አንሥቻለሁ» አልኩ። «ይስቃሉ ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌ ላክን፣ ሰውየው የማይገዛ ገንዘብ አሳዩን ብለው ስፕሪንግፊልድ ሁሉ የሚያወራው መሰለኝ። አፈርኩ።»

«በማን?»

«በአያትሽ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከእኔ እንድትሰማው ስትጠብቀው የነበረ ነገር እንደደረሳት ሁሉ።

«ደብዳቤው ውስጥ ሁሉ ነገር አለ፤ ይሄ ብቻ ነው የሌለው» አለች። «ስለ መርፌ ጽፈሃል። ስለ መስመር ጽፈሃል። አሳምረኸዋል። ስታሳምረው ደግሞ ያፈርከውን ሸፈንክበት።»

«ዛሬውኑ መጥቼ ልንገራቸው። ሽማግሌውም ሊመጡ ይፈልጋሉ፣ የራሳቸውን ኖት ይዘው...»

«አውቃለሁ። ቁጥሬን ከእናትህ ወስደው ደውለውልኛል። ነገ ይመጣሉ። ይምጡ፤ ከአያቴ ጋር ቁጭ ብለው ይጫወቱ። ያ የሁለት ሽማግሌዎች ጉዳይ ነው።» ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች። «ያን ቀን አያቴ ደህና ዋሉ አላሉም። ምን እንዳሉ ልንገርህ?»

«ንገሪኝ።»

«ዕድሜዬን ሙሉ የሚያልፈውን ኖት ከማያልፈው ስለይ ኖርኩ፤ ዛሬ እኔ አላለፍኩም። እንዲህ ነው ያሉት።»

ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ፣ በተበላሹት ወረቀቶች መሃል አስቀመጠችው። አልታሸገም ነበር። ከአፉ የአሮጌዋ አሥር ብር ጠርዝ ይታያል።

«እሳቸው ናቸው መልሽለት ያሉሽ?»

«እሳቸው ምንም አላሉም። ያወጣኋት እኔ ነኝ።»

«ሲያዩ ምን አሉ?»

«አላዩም። በጣታቸው ነው ያወቁት።» ወደ ፖስታው አየች። «ባዶውን የአልበም ኪስ ሁለት ጊዜ ዳሰሱት። ከዚያ አልበሙን ዘጉ።»

እጄን ዘረጋሁ። የዘረጋሁት ወደ እሷ ይሁን ወደ ፖስታው አሁንም አላውቅም። እሷ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆለፈች፤ ልክ እንደ አያቷ ሸሚዝ። ወጣች። ቀድሞ ስትሄድ በሩን ከውስጥ ገፍቼ የምዘጋላት እኔ ነበርኩ። አሁን ከውጭ ጎተተችው፤ እንጨቱ ያዘና ገርበብ ብሎ ቀረ። በክፍተቱ የኮቷ እጀታ ይታየኝ ነበር። እንደገና፣ በሙሉ ክብደቷ፣ ጎተተችው። ተዘጋ።